ያልተመለሰው ኳስ

ሀቢባ የሰማችው ሳትፈልግ ነው። ሱብሒን ሰግዳ ምንጣፏን እያጠፈች ሳለ ባሏ አብዱልበሲጥ ከመስኮቱ ውጭ፣ ማንጎው ሥር ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይብስ ይጎላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ዳር ሲጮህ የኖረ ሰው ማንሾካሾክ አያውቅበትም። «ሣህሉ፣ ስማኝ እንጂ» ይላል። «ሐኪሙ ያለውን አንተም እኔም ሰምተናል። ጅማቷ ግማሹ ተቀዷል፣ ቢሠራና ብታርፍ ይድናል፤ እሺ። ልጅቱ ግን ወለምታ እንደሆነ ነው የምታውቅ፣ እንደዚያው ትወቅ። ከጨዋታው በፊት መርፌዋን ትወጋታለህ፣ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናያለን።» ሣህሉ የቡድኑ ወጌሻ ነው። ምን ብሎ እንደመለሰ ሀቢባ አልሰማችም፤ ባሏ ግን «በል፣ እግዜር ይስጥህ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ቧንቧው ጋ ሄዶ ፊቱን መታጠብ ጀመረ፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ውሃውን እየተነፈሰበት።

የሚያወሩላት ልጅ ከግድግዳው ማዶ፣ ለእንግዳ ተብላ በተሠራችው ጠባብ ክፍል ተኝታለች። አደይ ትባላለች፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አብዱልበሲጥ ወረታ ሩዝ የሚያስፈጭ ልጃቸውን አኒስን ሊጠይቅ ሄዶ ሳለ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ አያትና በግራ እግሯ ልቡ ተነካ። ይፋግ እናቷ ቤት ድረስ ዘልቆ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ብሎ አመጣት፤ ጣና ማዕበል ለሚባለው የሴቶች ቡድኑ። የክርስቲያን ልጅ ስለሆነች ሀቢባ በመጣች በሳምንቷ ለብቻዋ ድስት ገዛችላት፣ ከእነሱ ሥጋ ጋር እንዳይነካካባት። ምስር ስትሠራላት፣ ሽሮ ስታንተከትክላት፣ የቤቱ ሌላው ማሰሮ ሁሉ ለብቻው ይቆማል። ሰሞኑን ደግሞ ፍሪጁ ላይ በሃይላንድ የተቀዳ ጸበል ተቀምጧል፤ አደይ ከጊዮርጊስ ያመጣችው፣ ማታ ማታ ጉልበቷን የምታሽበት። ሀቢባ ፍሪጁን ስትወለውል ያቺን ጠርሙስ በሁለት እጇ አንሥታ በሁለት እጇ ትመልሳታለች።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። ሳሎኑ ጠዋት ጠዋት ጨለም ይላል፤ የጎረቤቱ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ ፀሐይ የምትገባው ረፋድ ላይ ነው። አደይ ከክፍሏ ስትወጣ የበሩን መቃን ያዘች፣ ከዚያ የሶፋውን ጫፍ ያዘች፣ ከዚያ ማንም እንዳላያት ሁሉ ቀጥ ብላ መጥታ ተቀመጠች። አብዱልበሲጥ «የኔ አንበሳ፣ እንዴት አደርሽ?» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሰልጣኝ።» «ወለምታዋስ?» «ተሽሎኛል፤ ትናንት ማታ ጭራሽ አላመመኝም።» እሱም ራሱን ነቀነቀና እንቁላሉን በዳቦ እየጠቀለለ ስለ ተጋጣሚያቸው የቀኝ ተከላካይ ነገራት፤ ከባድ ናት፣ ትዞራለች እንጂ አትፈጥንም፣ ከኋላዋ ሩጪ አላት። ሀቢባ ሻይ እየቀዳች አየችው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። ባለፈው ክረምት አንዲት ተጫዋች ወባ ይዟት ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ያደረ ይኸው ሰው ነው። አሁን ግን ዓይኑን ከልጅቱ ጉልበት ሲያርቅ፣ በሰበብ በአስባቡ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ሰዓቱ፣ ወደ ዳቦው ሲመልስ እያየችው ነው።

ሲወጣ ተከትላው ወጣች። የውሃው ሮቶ ጥላ ሥር ያዘችው።

«ጠዋት የተናገርኸውን ሰማሁ» አለችው።

አልካደም። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና «ዛሬ ካላሸነፍን ወረድን» አላት። «ከወረድን ነጋዴዎቹ ሌላ ዓመት አይደጉሙንም፤ ፊት ለፊት ነግረውኛል። ሃያ ሁለት ልጅ ናቸው ሀቢባ። ግማሾቹ የመጡበት መንገድ ተዘግቷል፣ ወዴት ልበትናቸው? አንድ ጉልበት በአንድ በኩል፣ ሃያ ሁለት ልጅ በሌላ በኩል አድርገሽ እስኪ አንቺው መዝኚው።»

«ጉልበቱ የማን ነው?»

«እ?»

«ጉልበቱ ያንተ ነው ወይ ነው የምልህ።»

«አንቺ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ?» አለና በሩን ከፍቶ ወጣ። ባጃጅ ሲጠራ፣ ባለባጃጁም «አሰልጣኝ፣ ዛሬ ይቀናችኋል ኢንሻአላህ!» ሲለው ከግቢው ሆና ሰማች።

ሱቋን መክፈት ነበረባት። ገበያው ውስጥ ድሪያና ሻርፕ የምትሸጥባት፣ ከአባቷ ከሐጂ ሙሀመድየሱፍ የቀረቻት ሱቅ ናት፤ ጁምዓ ካልሆነ ዘግታት አታውቅም። ቁልፉን ይዛ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጣችና መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤቷ ዋጋው በሳምንት ውስጥ እጥፍ እንደሆነ፣ መንገዱ ተዘግቶ ጭነት ስለማይገባ ገና እንደሚጨምር ስታወራት ቆማ ሰማች። ሴትዮዋ ምን እንዳለቻት ግን ግማሹ አልገባትም። ሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ ፊቷን ዳሰሳት። ቲማቲም ሳትገዛ፣ ሱቋንም ሳትከፍት ተመለሰች።

አደይ በረንዳው ደረጃ ላይ ማበጠሪያና ቅባት ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ከጨዋታ በፊት ፀጉሯን የምትሠራት ሀቢባ ናት። ከኋላዋ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ መከፋፈል ጀመረች። ሁለት መስመር ሠራች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

«አደይ፣ ወለምታ አይደለም» አለቻት። «ሐኪሙ ያለው ጅማትሽ ግማሹ ተቀዷል ነው። ቢሠራና ብታርፊ ይድናል ብሏል። ዛሬ ከተጫወትሽበት ግን…»

የልጅቱ አንገት ድርቅ አለ። ዞራ አላየቻትም። ማንጎው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፤ የጎረቤት ሬዲዮ የመድኃኒት ማስታወቂያ ያነባል።

«አሰልጣኝ ያውቃሉ?»

«ያውቃል።»

«እርስዎስ መቼ ሰሙ?»

«ዛሬ ጠዋት። ወላሂ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁ።»

ሀቢባ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ልጅቱ ግን በደረጃው ላይ የሚሄዱትን ጉንዳኖች በጣቷ ጫፍ መንገድ እየዘጋች ታያቸዋለች። በመጨረሻ «ሔራንን ያስታውሷታል?» አለች። ሀቢባ እንዴት አታስታውሳት! ከአደይ በፊት ያቺን ክፍል የያዘችው በረኛዋ ናት። ትከሻዋ ወልቆ ጥቂት ሳምንት ተኛችና፣ አብዱልበሲጥ «ቤተሰቦቿ ጋ ብትሆን ይሻላታል» አለ፤ ሻንጣዋን ያዘጋጀችላት ሀቢባ ራሷ ነበረች፣ በላዩም ለመንገድ ብላ ዳቦ ቆሎ ጨምራላታለች። ቤተሰቦቿ ጋ ግን አልደረሰችም፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች ይባላል። «እኔ ስመጣ» አለች አደይ፣ «ፍራሹ ገና እሷን እሷን ይሸት ነበር።»

«አንቺን ማንም ከዚህ አያስወጣሽም።»

«ቤቱ የአሰልጣኝ አይደል እንዴ?»

በክፋት አላለችውም፤ የምታውቀውን ነው ያለችው። ቤቱ ግን ለሀቢባ ከአባቷ የወረደ ነው። ባለባጃጆቹ፣ የቀበሌው ሰዎች፣ ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች ሳይቀሩ «የአሰልጣኙ ቤት» ሲሉት ኖረዋል፤ እሷም ባሏ ደስ ይበለው ብላ አንድም ቀን አላረመቻቸውም። ያን ሁሉ ዓመት የተዋጠ ነገር አሁን በአንድ ጉሮሮ ሊወጣላት አልቻለም።

«ደግሞ ዛሬ ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል» ቀጠለች አደይ፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ብርሃን ገባ። «ከትልቅ ክለብ። እኔን ብሎ ነው የሚመጣው፣ አሰልጣኝ ነግረውኛል። እሱ ከወሰደኝ እነሱ ያሳክሙኛል፣ እዚያ ሁሉ ነገር አለ። አንድ ጨዋታ ነው እትዬ። በሞቴ፣ ጥብቅ አድርገው ይሥሩልኝ፤ ስሮጥ እንዳይፈታ።»

ሀቢባ እንቢ ማለት ትችል ነበር። ማበጠሪያውን መወርወር፣ ታኬታውን መደበቅ፣ በሩን መቆለፍ ትችል ነበር። እነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና ነው የታወሷት። በዚያች ሰዓት ግን ጣቶቿ የለመዱትን ያዙና ጥብቅ አድርጋ ሠራቻት።

ሜዳ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። በር ላይ የሚፈትሹት ፖሊሶች ጃንጥላዋን ተቀበሏት፤ ስለዚህ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ከልላ የጋለው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ብዙ አልነበረም፤ የተጫዋቾች እህቶች፣ ሥራ የፈቱ ወጣቶች፣ ከጎኗ ደግሞ ሱፍ የሚቆረጥሙ ሁለት ሽማግሌዎች። አደይ ሮጣ ስትገባ ምንም ያልነካት ትመስል ነበር። የመጀመሪያውን አጋማሽ ተከላካይዋን ሦስት አራት ጊዜ ጥላት አለፈች፣ አንዴም ኳሷ አግዳሚውን መታ ወጣች። ሀቢባ የእግሯን አጣጣል ብቻ ታይ ነበር። ከዕረፍት መልስ የመርፌው ኃይል እያለቀ ሳይመጣ አልቀረም፣ ልጅቱ ኳስ ስትቀበል ግራ እግሯን ከመትከሏ በፊት ለአንድ አፍታ ማመንታት ጀመረች።

«ይቺ ልጅ አሟታል እኮ፣ ለምን አይቀይራትም?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«በማን ይቀይራት?» አለ ሁለተኛው የሱፉን ቅርፊት እየተፋ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ኳሱን ሁሉ ለእሷ ስጡ ሲል ከርሞ ሌሎቹን መቼ አሳደጋቸው! ያቺ ኪዲ የምትባለዋ አንድም ቀን ሙሉ ጨዋታ ተጫውታ አታውቅም። አሰልጣኝ ማለት ተጫዋች የሚያበቅል ነው እንጂ ያገኛትን አንዷን አሟጦ የሚጨርስ አይደለም።»

አደይ እጇን አነሣች። ሀቢባ በግልጽ አየቻት፤ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ዞራ መዳፏን አሳየች። አብዱልበሲጥ በዚያች ቅጽበት አንገቱን ወደ ሰዓቱ አቀረቀረ። ትንሽ ቆይታ ደግማ አነሣች። አሁን ደግሞ ከዳኛው ጋር ሙግት ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቱ እጇን አላነሣችም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አሁንም ዜሮ ለዜሮ እያሉ፣ አደይ ወደ ውስጥ ለመታጠፍ ሞከረች። ማንም አልነካትም፤ በአቅራቢያዋም ሰው አልነበረም። ጉልበቷ ብቻውን ወደማይታጠፍበት ዞረና ወደቀች። ጩኸቷ ቀጭን ነበር፣ እንደ ሕፃን። ከአደይ ያመለጠውን ኳስ የያዘችው የእንግዶቹ አምበል፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ ልጅ፣ ፊቷ ክፍት ሜዳ ነበራት፤ ግን ዞራ አየቻትና ኳሱን ሆነ ብላ ወደ ውጭ መታችው። ሰዉ አጨበጨበላት። ሣህሉ ሮጦ ገባ፣ ሁለት ልጆች ቃሬዛ ይዘው ተከተሉት። አብዱልበሲጥ ኪዲን አስገባ። የጣና ማዕበል ተከላካይ የወጣውን ኳስ አነሣችና ለእንግዶቹ በረኛ ልትመልስ፣ እንደ ጨዋታው ወግ፣ ክንዷን ወደዚያ ዘረጋች። እንግዶቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ በረኛቸው ከጎሉ ጎን ውሃ ትጠጣለች።

«ወደፊት!» ብሎ ጮኸ አብዱልበሲጥ። «ለኪዲ! ወርውሪ እንጂ!»

ልጅቱ ኳሱን ከራሷ በላይ ይዛ አሰልጣኟን አየችው። ያልገባት መስሎት ስሟን ጠርቶ ደገመላት። ወረወረች። ኪዲም ሮጠች፤ ምን ታድርግ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሩጪ ሲሏት ነው የኖረችው። ባዶ ጎል ውስጥ አስገባችው። ዳኛው ለአፍታ አመነታና ወደ መሐል ጠቆመ። አደይ ገና መስመሩ አጠገብ ቃሬዛ ላይ ነበረች፤ ጓደኞቿ በላይዋ ዘለው አልፈው ኪዲን ለማቀፍ ሮጡ። ከወጣቶቹ ግማሹ ጨፈረ፣ ግማሹ ያፏጭ ጀመር። ሱፍ የሚቆረጥመው ሽማግሌ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ።

ሀቢባ አጥሩ ጋ ስትደርስ ረጅሟ አምበል አብዱልበሲጥ ፊት ቆማ ነበር። አታለቅስም፣ አትሳደብም። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ለእናንተ ልጅ ብለን ነው ያወጣነው» አለችው። እሱም «ዳኛው አላፏጨም፣ የኔ ልጅ» አላት፤ የኔ ልጅ አላት፣ እንደ አባት።

ባጃጅ ውስጥ ሣህሉ ከሹፌሩ ጎን ተጠጋግቶ ተቀመጠና እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ወደ ኋላ አልዞረም። አንድ ጊዜ ብቻ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ እትዬ ሀቢባ» አለ። ወጣቱ ሐኪም ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ አንቀሳቅሶ አየና ቀና ብሎ «በዚህ እግር ማን ነው ያጫወታት?» ሲል ጠየቀ። ሣህሉ ወለሉን አየ። ሀቢባ «እኛ ነን» አለች። ሐኪሙ ሊቆጣ ነበር፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። አሁን የቀረ ጅማት እንደሌለ፣ ቀዶ ጥገናውም እዚህ እንደማይሠራ፣ ከተሠራላት በደንብ እንደምትራመድ ነገራቸው። «ኳሱን ግን እርሺው» አላት ለአደይ፣ ቀስ ብሎ። ልጅቱ «እሺ» አለች፤ ብዕር እንድታቀብለው እንደተጠየቀች ሁሉ፣ በትሕትና።

እግሯን በፋሻ ጠቅልለው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳሉ የሀቢባ ስልክ ጠራ። የይፋግ ስልክ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ለሳምንት ይጠፋል፤ ዛሬ ሠርቶ የደወሉት የአደይ እናት ነበሩ። ሀቢባ ስልኩን ሰጠቻት። «እማ! አሸነፍን እማ» አለች አደይ። «አዎ፣ ተጫወትሁ… ደህና ነኝ። ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው… አይ፣ እትዬ አጠገቤ ናቸው። አትምጪ፣ በየት ትመጫለሽ? መንገዱ ሲከፈት እኔ እመጣለሁ።» ሀቢባ ፊቷን ወደ ሆስፒታሉ አጥር መለሰች።

ፀሐይ ስትጠልቅ እቤት ደረሱ። ልጅቱን አስተኝታ፣ መግሪብ ሰግዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ ሳለ አብዱልበሲጥ ገባ። ነጋዴዎቹ ዓሣ ጋብዘውታል፤ ስልኩ እንኳን ደስ ያለህ እያለ ይጮኻል። መብራቱን አበራና ሲያያት ስልኩን አጠፋው።

«አደይስ?»

«ተኝታለች።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«የምታውቀውን።»

ተቀመጠ። ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለና ሳያወልቅ ቀና አለ። ሀቢባ «ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ የት ጋ ተቀምጦ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰዓት መለሰ። የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል፤ ወደ ሐይቁ በኩል ጀልባ ሞተሯን አጥፍታ ዝም አለች። «የመጣ ሰው የለም። ድሮም የሚመጣ ሰው አልነበረም፣ አይደል?»

«ተጫዋች ተስፋ ያስፈልገዋል» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈና «ለጊዜው ትረፍ። ትንሽ ስታገግም እናቷ ጋ ብትሆን ይሻላታል። መንገዱ ሲከፈት…» አለ።

«መንገዱ ሲከፈት አንተ ነህ የምትሄድ» አለችው።

«ምን?»

«ወረታ፣ ልጅህ ጋ። ቤቱ የአባቴ ነው፣ አብዱል። እስኪከፈት ሳሎን ተኛ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ወዲያው የጠባቧ ክፍል በር ሲጥጥ አለ። አደይ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የታሰረ እግሯን አየር ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አይታወቅም። ሀቢባ ዘልላ ተነሥታ በብብቷ ሥር ደገፈቻት። ልጅቱ ግን ወደ እሷ አላየችም፤ ዓይኗ አብዱልበሲጥ ላይ ነው።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አሰልጣኝ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እስከ መጨረሻው መቆም ነበረብኝ።»

አብዱልበሲጥ ከመቀመጫው ብድግ አለ። አንድ ነገር ሊል ነበር፣ ሀቢባ አየችው፤ ከንፈሩ ተላቆ ነበር። የወጣው ግን ሜዳ ዳር የለመደው ነው። «አይዞሽ» አላት። «አኩርተሽኛል።»

የአደይ ፊት በራ። ሀቢባ ደግፋ ይዛት ነበርና፣ በዚያች ቃል የልጅቱ ሰውነት ደስ ብሎት ሲላላ በክንዷ ላይ ተሰማት።